ሕንድ ለ9 ቀን፣ ሁለት ልጅና አንድ እናት ይዞ

ጥያቄው፦ «ፑኔ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ባለቤቴ በጥር መጨረሻ፣ በትምህርት ቤት እረፍት፣ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዛ ልትመጣ ነው። ወንዱ 11 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 6። እናቴም አብራ ትመጣለች። 66 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ቅዳሜ ጠዋት ሙምባይ ይገባሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሌሊት ይመለሳሉ። ታጅ ማሐልን፣ የጎዋን ባሕር ዳርቻ፣ ሙምባይንና ዋሻዎቹን ላሳያቸው አስቤያለሁ። እንዴት አድርጌ ላዳርሰው?»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ! እዚህ አገር ሐበሻ ቤተሰቦችን ይዤ መዞር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ጥያቄህን ሳነብ ዓይኔ የቀረው ታጅ ማሐል ላይ አይደለም። «ዓመት ከመንፈቅ ሆነን» ያልከው ላይ ነው። ይህ ጉዞ መጀመሪያ የናፍቆት ነው፣ ጉብኝቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። 9ኙን ቀን መኪና ውስጥና የአየር ማረፊያ ወረፋ ላይ አትጨርሰው። አንድ አካባቢ ምረጥ። ሦስት ቦታ ብቻ እደሩ። ልጆቹ የወደዱት ነገር ሲያገኙ «ቶሎ በሉ፣ መሸብን» የሚላቸው ሰው አይኑር።

ደግሞ ያለህበት ቦታ ለዚህ የተመቸ ነው። ከፑኔ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ባሕርም አለ፣ ዋሻም አለ፣ ምሽግም አለ። ከዚህም በላይ ደግሞ የእኛው አገር ሰዎች ታሪክ አለ። እሱን ዝቅ ብዬ አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ታጅ ማሐልን እንጨርስ። ያምራል፣ አልዋሽህም። ባየሁት ቁጥር አፌን ያስከፍተኛል። ግን ታጅ ማሐል ያለባት አግራ ከፑኔ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን ዴልሂ ብትገቡም ከዚያ ወደ አግራ ሌላ ሦስት አራት ሰዓት መኪና አለ። መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀን ይበላል። በዚያ ላይ ጥር የሰሜን ሕንድ የጉም ወር ነው። ባቡር ይዘገያል፣ በረራ ይሰረዛል። አምና በጥር አንድ ቤተሰብ ይዤ ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሰባት ሰዓት ጠብቀናል። ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተኝተው ነው የነጋላቸው። አግራ ስንደርስ ነጩ እብነ በረድ በነጩ ጉም ውስጥ ጠፍቶ ነበር። እናትየው ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ ይሄን ያህል የመጣነው ለዚህ ነው?»

ስለዚህ ታጅ ማሐል ለሌላ ጊዜ ይቆይ። እናትህ «እሱን ሳላይ አልሞትም» የሚሉ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ዴልሂንና አግራን ብቻ ይዘህ አራት ቀን ስጠው፣ ሌላውን በሙሉ ተው። ዓርብ ዝግ መሆኑን አትርሳ። ለውጭ ዜጋ መግቢያው 1,100 ሩፒ ነው፣ መቃብሩ ውስጥ ለመግባት ተጨማሪ 200 አለ። 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይከፍልም።

ጎዋም እንደዚሁ ነው። ከፑኔ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመኪና ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ልጆች ባሕር ውስጥ ሲንቦራጨቁ «ይሄ ጎዋ ነው ወይስ ሌላ?» ብለው አይጠይቁም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ዓመተ ምሕረቱን ግን በፈረንጆቹ።

ቅዳሜ ሙምባይ ተቀብለሃቸው በቀጥታ ወደ ፑኔ ውጡ። በፈጣን መንገዱ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገድ ካልተዘጋጋ ሦስት አራት ሰዓት ነው። መሃል ላይ ሎናቫላ አለች። ቺኪ የሚባለውን፣ ኦቾሎኒ በተቃጠለ ስኳር የተጋገረውን ግዛላቸው። ከዚያ ቤት ግቡ። እሑድን ምንም አታቅድበት። የምትኖርበትን ክፍል ይዩ፣ ሻይ የምትጠጣበትን ቤት ይዩ፣ የምትማርበትን ግቢ ይዩ። ልጅህ አባቱ በስልክ የሚያወራው ከየት እንደነበር ማየት ይፈልጋል። ይህ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጥበታል።

እናትህ ቤተ ክርስቲያን መሳም ከፈለጉ እሑድ ጠዋት ጥሩ ነው። የሕንድ ማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ጋር አንድ ሃይማኖት ናት። ፑኔም ሙምባይም አጥቢያዎች አሏት። ቋንቋው ማላያላም ስለሆነ ግር ይላል። ግን ዕጣኑ ሲሸት፣ ጫማ ወልቆ ሲገባ፣ ሴቶቹ ራሳቸውን ሸፍነው ሲቆሙ፣ እናትህ አገራቸው ያሉ ይመስላቸዋል። እኔ ይዣቸው የሄድኩ እናቶች ብዙ ጊዜ ከጉዞው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሱት ይህን ጠዋት ነው።

ሰኞ ወደ ባሕር። ለምን ሰኞ? ካሺድ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ቅዳሜና እሑድ የሙምባይና የፑኔ ሰው ይጎርፍበታል። መኪና ማቆሚያ አይገኝም፣ የአልጋ ዋጋም ይሰቀላል። ሰኞ ማታ ግን ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆነው አሸዋ ላይ ከላምና ከውሻ በቀር ብዙም የለም። ከፑኔ አራት አምስት ሰዓት መንገድ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብትነሱ ለምሳ ትደርሳላችሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጥምዝምዙ ስለሚበዛ ለትንሿ ልጅ የማስታወክ ነገር ካለባት ከፊት ወንበር አስቀምጧት፣ ፌስታልም ያዙ።

ስለ ውሃው አጥብቄ ልንገርህ። ካሺድ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ሞገዱ ሲመለስ ግን ከስር ይስባል፣ ሰው ያሰጠመበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ልጆቹ ውሃው ከጉልበታቸው እንዳያልፍ አድርግ። አንተም አብረህ ግባ፣ ከዳር ቆሞ ማየት አይበቃም። ከመግባታችሁ በፊት የሆቴሉን ሰው «ባሕሩ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ?» ብለህ ጠይቅ። እየጎደለ ከሆነ አሸዋ ላይ ተጫወቱ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማንም ውሃ አይንካ። ልብስን በተመለከተ ባለቤትህና እናትህ አይጨነቁ፣ እዚያ አብዛኛው ቤተሰብ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነው የሚገባው።

አልጋ ስትይዝ አንድ ወጥመድ አለ። ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ማንኛውም ቤት ብዙ ሰው ፎርም ሲ የሚለውን የውጭ እንግዳ መመዝገቢያ መሙላት አለበት። ባሕር ዳር ያሉ ትንንሽ የቤተሰብ ማረፊያዎች ብዙዎቹ ለዚህ አልተመዘገቡም። በስልክ «እሺ፣ ኑ» ይሉሃል፣ ፓስፖርት ስታወጣ «አይቻልም» ይመጣል። እኔ ራሴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የተኙ ልጆች ታቅፈን ከአንድ ማረፊያ በር ተመልሰናል። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክህ በፊት «የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፣ ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» ብለህ በጽሑፍ አስመልስ። የሁሉንም ፓስፖርትና ቪዛ ቅጂ፣ የአንተንም የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ያዝ።

ማክሰኞ ጃንጂራ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ልጅህ ዕድሜው ለዚህ ታሪክ ደርሷል።

ከካሺድ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ሙሩድን አልፈህ ራጃፑሪ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ትደርሳለህ። ከፊት ለፊት ባሕሩ መሃል ጥቁር የድንጋይ ምሽግ ቆሟል። ግንቡ ከውሃው ውስጥ ነው የሚነሳው። ዙሪያውን ደሴቱ ራሱ አይታይም፣ ምሽጉ ደሴቱን ሙሉ በሙሉ ለብሶታል። ጃንጂራ የሚለው ስሙ ራሱ ደሴት ማለት ነው። ከአረብኛው «ጀዚራ» የመጣ ነው፣ በቴሌቪዥን የምናውቀው አልጀዚራ ያለው ቃል።

ይህን ምሽግ ይገዙ የነበሩት ሲዲዎች ናቸው። ሲዲ ወይም ሐብሺ የሚባሉት ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ብዙዎቹም ከእኛ አገርና ከአካባቢው፣ በባርነትና በወታደርነት፣ በመርከበኝነትም ወደ ሕንድ የመጡ ሰዎች ናቸው። «ሐብሺ» የሚለው ቃል የእኛው «ሐበሻ» ነው። ጃንጂራን ይዘው የራሳቸው ባሕር ኃይል አቋቋሙ። ፖርቱጋሎች አልቻሏቸውም፣ እንግሊዞች በጉልበት አልያዙትም። ዛሬ በፑኔና በሙምባይ ክፍለ ሀገር፣ በማሃራሽትራ፣ በየአደባባዩ ሐውልቱ የቆመለት የማራታዎቹ ንጉሥ ሺቫጂ እንኳ ደጋግሞ ሞክሮ አልተሳካለትም። ከሺቫጂ ወገን የተሠራ ፓድማዱርግ የሚባል ሌላ የባሕር ምሽግ ከዚያው ፊት ለፊት ታያለህ፣ ጃንጂራን ለመቆጣጠር የተሠራ ነው። የሲዲዎቹ ግዛት ከሕንድ ነፃነት በኋላ በ1948 ነው ከአገሪቱ ጋር የተቀላቀለው።

ወደ ምሽጉ የምትሄደው በሸራ ጀልባ ነው። ልጅህን ከፊት አስቀምጠውና «በሩ የት ነው?» ብለህ ጠይቀው። አያገኘውም። ግንቡ እየቀረበ ይመጣል፣ መድፎቹ በየቀዳዳው ይታያሉ፣ በር ግን የለም። ጀልባው ግንቡን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው በሁለት ክብ ማማዎች መካከል በሩ ድንገት ይከፈትልሃል። የጠላት መርከብ በሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ከላይ በመድፍ ይመታ ነበር። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አንድ አውሬ አለ። ነብር ይሉታል፣ አንበሳ የሚሉትም አሉ። በጥፍሮቹ ዝሆኖችን ጨብጧል፣ በአፉም በጅራቱም ይዟል። ስንቱን ዝሆን እንደያዘ ልጆቹ ይቁጠሩ። እኔ መልሱን አልነግርህም፣ እዚያው ይጨቃጨቁበት።

ውስጡ ሰፊ ነው። የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ ትልልቅ መድፎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጨው ባሕር መሃል የጣፋጭ ውሃ ኩሬዎች አሉ። ምሽጉን ያቆየው ውሃው ነው። ጀልባዎቹ የሚሰጧችሁ ጊዜ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ቀድመህ ተነጋገር፣ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን እንዲጠብቁህ አድርግ። ጀልባዋ እየተወዛወዘች ደረጃው ላይ መውጣት ስላለ ለእናትህ ጉልበት አልመክረውም። እሳቸውና ትንሿ ልጅ ሙሩድ ባሕር ዳር የኮኮናት ውሃ እየጠጡ ቢጠብቁ ይሻላል። ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ከሌለ ያለበት ጀልባ እስኪመጣ ጠብቁ። በዲሴምበር 2024 ሙምባይ ላይ ዋሻዎች ወዳሉባት ወደ ኤሌፋንታ ደሴት የምትሄድ የመንገደኞች ጀልባ ከባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባ ጋር ተጋጭታ ብዙ ሰው ሞቷል። ሁሌም የማስበው ነገር ነው።

ረቡዕ ጠዋት ልጆቹ አንዴ ደግመው ውሃ ይንኩና ወደ ፑኔ ተመለሱ፣ እዚያ አርፋችሁ እደሩ።

ሐሙስ ወደ አውራንጋባድ። የከተማዋ ስም በ2023 በይፋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆኗል። ትኬትና ካርታ ላይ በዚህ ስም ፈልጋት፣ ሰው ግን አሁንም በሁለቱም ስም ይጠራታል። ከፑኔ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሌሊት እዚያው አንድ ሆቴል እደሩ።

ዓርብን በሙሉ ለኤሎራ ስጠው። ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፣ አጃንታ ደግሞ ሰኞ። ስንቱ ሰው ይህን ሳያውቅ ከበሩ ተመልሷል! ኤሎራ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ። መግቢያው ለውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ነው፣ ለሦስታችሁ 1,800። ልጆቹ በነፃ ይገባሉ፣ ዕድሜያቸውን የሚያሳይ ፓስፖርት ግን ይጠየቃል።

ለጎብኚ ቁጥር የተሰጣቸው 34 ዋሻዎች አሉ። ከ1 እስከ 12 የቡድሃ፣ ከ13 እስከ 29 የሂንዱ፣ ከ30 እስከ 34 የጃይን እምነት ናቸው። ሁሉንም አትይ። ልጅ ይዞ ሦስት ይበቃል። ዋናው ቁጥር 16 ነው፣ ካይላሳ ይባላል። እሱም ከመግቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ እናትህ ብዙ አይራመዱም።

ላሊበላን ያየ ሰው ካይላሳ ፊት ሲቆም የሚሰማውን ሕንዳዊ አስጎብኚ አያውቀውም። ይህም እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተነባበረም፣ ተራራው ተቀንሶ ነው ቤተ መቅደስ የሆነው። የተሠራው በ8ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ በራሽትራኩታው ንጉሥ በቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን። ከላሊበላ አራት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ተጠርቦ የወጣው ድንጋይ ከ150,000 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እኔ የምመክርህ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ በበሩ ይገባል። አንተ ልጅህን ይዘህ መጀመሪያ በጎን በኩል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ አፋፉ ውጣ። ከላይ ወደ ታች እዩት። ጠራቢዎቹ ሥራውን የጀመሩት ከዚያ ነው። የመሮ ምልክቱ ግድግዳው ላይ ዛሬም ይታያል፣ ጣቱን ያስገባበት። ከዚያ ውረዱና ሴት ልጅህን ዝሆኖቹን አስቁጥራት። ቤተ መቅደሱን በጀርባቸው የተሸከሙ በሚመስሉ ዝሆኖች ዙሪያውን ተከቧል። አንዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ብዙ ክንድ ያለው የአጋንንት ንጉሥ ራቫና ከተራራ ሥር ገብቶ ተራራውን ሲነቀንቅ፣ የሂንዱዎቹ አምላክ ሺቫ ከላይ በእግሩ ጣት ብቻ ጸጥ ሲያደርገው ተቀርጿል። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል።

ከዚያ ቁጥር 10 ሂዱ። የድንጋዩ ጣሪያ ልክ እንደ እንጨት ወራጅ ተጠርቧል። ሰው ካልበዛ እናትህ አንዲት ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ያዚሙበት። ድምፁ የሚመለስበትን መንገድ ልጆቹ አይረሱትም። ከጃይኖቹ አንዱን ጨምራችሁ ይብቃችሁ። ጦጣዎች አሉ፣ ብስኩት በእጅ ይዞ መዞር አይሆንም። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሕንዳውያን ቤተሰቦች ከልጆችህ ጋር ፎቶ መነሳት ይፈልጋሉ። ክፋት የለበትም፣ ግን ሃያ ጊዜ ሲሆን ልጅ ይሰለቻል። «አልፈልግም ማለት ትችያለሽ» ብለህ አስቀድመህ ንገራት፣ ስትል ደግሞ አንተ ከጎኗ ቁምላት።

ቅዳሜ ሁለት ቦታ ነው። ጠዋት ዳውላታባድ። ከሜዳ መሃል ብቻውን የቆመ ኮረብታ ላይ ያለ ምሽግ ነው። የዴልሂው ሡልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉክ በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ አዛውሮ ሰውን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አስጉዞታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ ዴልሂ መለሰው። እስከ ጫፉ ደረጃው ብዙ ስለሆነ እናትህ ከታች ቻንድ ሚናር የሚባለው ረጅም ግንብ አጠገብ ጥላ ሥር ይቀመጡ። አንተና ልጅህ እስከ ጨለማው መተላለፊያ ውጡ። ጠላትን ለማደናገር የተሠራ ጠመዝማዛ ዋሻ ነው፣ የሌሊት ወፍ ይበዛዋል። የእጅ ባትሪ ያዙ።

ከሰዓት በኋላ ኩልዳባድ። ከኤሎራ አጠገብ ያለች ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ብዙ ጎብኚ ወደዚህ የሚመጣው አብዛኛውን ሕንድ ይገዛ ለነበረው ለሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ለአውራንግዜብ መቃብር ነው። በ2025 በዚህ መቃብር ዙሪያ ፖለቲካዊ ውዝግብ ስለነበረ ጥበቃ አለ። መታወቂያ ያዙ፣ ክርክር ውስጥም አትግቡ። እኛ የምንሄደው ግን ለሌላ ሰው ነው።

ማሊክ አምባር ይባላል። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው፣ የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ። በየመንና በባግዳድ አልፎ ሕንድ ደረሰ፣ የገዛውም ሰው ራሱ ሐብሺ ነበር። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ፣ የራሱን ጦር አቋቋመ። በ1600 የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። ሲሞት፣ በ1626፣ ያው በሥልጣኑ ላይ ነበር። የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ዕድሜ ልኩን ጨርሶ ሊያንበረክከው አልቻለም። ስለዚህ ሥዕል አሠራ። ሥዕሉ ላይ ጃሃንጊር የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ ይታያል። በእውን ያላደረገውን በቀለም አደረገው። ይህን ለ11 ዓመት ልጅ ንገረውና ፊቱን እይ።

የምታድሩበትን ከተማም የቆረቆረው እሱ ነው፣ በ1610፣ ያኔ ካድኪ ይባል ነበር። ውሃ ከኮረብታው በመሬት ውስጥ ለውስጥ ቦይ አስገብቶለታል፣ ቦዩ «ናህር ኢ አምባሪ» በስሙ ይጠራል። ከጃንጂራ ግንባታም ጋር ስሙ ይነሳል። መቃብሩ ጉልላት ያለው የድንጋይ ሕንፃ ነው፣ የባለቤቱ መቃብርም አጠገቡ ነው። ወረፋ የለም፣ ሻጭ የለም። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን አንድ ሽማግሌ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝና «ሐብሺ» ስላቸው በእጃቸው ወደ መቃብሩ አመለከቱኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም እዚያው ደረጃው ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ቢቢ ካ ማቅባራ ሂዱ። አውራንግዜብ ለሞተችበት ሚስቱ መታሰቢያ፣ በታጅ ማሐል አምሳያ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ከታጅ ያንሳል፣ ሰዎች ሲያጣጥሉት እሰማለሁ። እኔ አላጣጥለውም። የአትክልት ቦታው ሰፊ ነው፣ መንገዱ ደልዳላ ነው፣ እናትህ ፎቷቸውን ተረጋግተው ይነሳሉ። መግቢያው 300 ሩፒ ነው።

አጃንታን ለምን ተውከው ትለኛለህ። ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደረጃ አለው፣ ሥዕሎቹ ያሉበት ዋሻ ጨለም ይላል። ለአዋቂ እጹብ ነው። 6 ዓመት ላልዘለለች ልጅ ግን ይረዝማል። ልጅህ ሥዕል የሚወድ ከሆነ ብቻ የቅዳሜውን በዚህ ቀይረው። ኤሌፋንታንም ያው፣ ኤሎራን ያየ ሰው ባይሄድበት አይቆጨውም።

አሁን ምግብ። እናትህ የሚጾሙ ከሆነ ይህን ልብ በል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ጾመ ነነዌም በዚያ ሰሞን ሊገባ ይችላል። ሕንድ ውስጥ «ፒዩር ቬጅ» ማለት የጾም ማለት አይደለም። ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት ብቻ ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎ፣ ፓኒር የሚባለው አይብ ሁሉም ይገባበታል። ምስሩ ላይ ሳይቀር መጨረሻ ላይ ቅቤ ይንጠባጠብበታል። «ጊ (የነጠረ ቅቤ) የለም፣ ባተር (ቅቤ) የለም፣ ዳሂ (እርጎ) የለም፣ ዘይት ብቻ» ብለህ አንድ በአንድ ቁጠርለት። የሚያስተማምነው ጠዋት ፖሃ ነው፣ ከተዳጠ ሩዝ በዘይት የሚሠራ። ቀጥሎ በእንፋሎት የሚበስለው ኢድሊና ዶሳ። ዶሳ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ የሚጋገር ስለሆነ ለእኛ አፍ ቅርብ ነው፣ በዘይት እንዲጋግሩት ብቻ ንገራቸው። ከቤት ትንሽ ሽሮና በሶ ይዘው ቢመጡ ደግሞ ልብ ያርፋል። ለልጆቹ የታሸገ ውሃ ብቻ፣ በረዶ ያለበት ጭማቂ በፍጹም። ለተቅማጥ የሚሆን ኦአርኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ከአዲስ አበባ ከመነሳታቸው በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ከተወጉ 10 ቀን ያላለፈው ካርድ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት አታስቀሩት። ካርዱን ያልያዘ ሰው ሙምባይ ላይ ለብቻው ሊቆይ ይችላል።

መኪናው ሰፊው የቶዮታ ኢኖቫ ይሁን፣ ከሾፌር ጋር። አምስት ሰውና ሻንጣ በትንሽ መኪና አይሆንም። ሲዋዋሉ የመንገድ ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያና የሾፌሩ የማታ አበል ዋጋው ውስጥ መግባቱን አረጋግጥ። ሾፌሩን «ዳዳ» በሉት፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ አያት «አጂ» ናት። ልጆቹ እናትህን በመንገድ ላይ እንዲህ ሲጠሩ የሰማ ባለሱቅ ወንበር ያመጣላቸዋል።

በዚህ ጥር ካልሆነላቸውና ጉዞው ወደ ክረምት እረፍት ከተገፋ፣ ዕቅዱ ይቀየራል። የእኛ ክረምት የእነሱም የዝናብ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ጃንጂራ ጀልባ አይሄድም፣ ባሕሩም አይነካም። ያኔ ኤሎራን ያዝ፣ ገደሉ ላይ ፏፏቴ ይወርድበታል። ባሕሩን ደግሞ በሎናቫላ አረንጓዴ ተራሮች ተካው።

እሑድ ከአውራንጋባድ ወደ ሙምባይ በቀን ባቡር ውረዱ። ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ልጆች ባቡር ይወዳሉ። የጠዋቱን ምረጥ፣ ቢዘገይም ለሌሊቱ በረራ ትደርሳላችሁ። የእናትህ ጉልበት ካስቸገረ አጭር የአገር ውስጥ በረራም አለ። የባቡር ቦታ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው፣ ቶሎም ያልቃል። «ደብሊው ኤል» ከሚል ቁጥር ጋር የወጣ ትኬት ተጠባባቂ ነው። ካልጸደቀ በእሱ መሳፈር አይቻልም፣ ልጅ ይዞ ደግሞ አይሞከርም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመድረሻቸውን ቀን ቆርጠህ ያንን የእሑድ ትኬት ያዝ። ሌላውን እየተጻጻፍን እናስተካክላለን።